ቡናዋን ያልጠጣች ቀን

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀርብላት ስኒውን ተቀበለችና ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። “አላሰኘኝም” አለች። እናቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ግን ቴርሞሜትር አምጥቼ ብብቷ ሥር አደረግሁ፤ 36 ነጥብ 7። “ትኩሳት የለሽም እማዬ፣ ድካም ነው፤ ጋደም በይ” አልኳት። ይህን ያልኩት በየወሩ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጤና የምጽፍልዎ እኔው ነኝ። ሌሊት ላይ ውሃ ስትጠይቀኝ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። ጠዋት ራጅ ስትነሣ የቀኝ ሳንባዋ የታችኛው ክፍል በሳንባ ምች ተይዞ ተገኘ።

ተረኛው ሐኪም “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ “ትኩሳት እኮ አልነበራትም” ብዬ ያልተጠየቅሁትን መለስኩ። ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣኝም። “በእሳቸው ዕድሜ ትኩሳት እስኪመጣ መጠበቅ ያሳስታል” አለኝ። “ትኩሳቱን የሚቀሰቅሱት ሴሎችም አብረዋቸው አርጅተዋል።”

እናቴ ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የሐኪሙ ቃል ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ፀጉር ሲሸብት፣ ጉልበት ሲደክም፣ ዓይን መነጽር ሲፈልግ እናያለን። በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች የሚፈጠሩባቸው፣ የሚሠለጥኑባቸውና የሚገናኙባቸው የሰውነት ክፍሎች ሲያረጁ ግን ማን ያያል? በዚህ ወር ስለ እነሱ እናውራ። ቤትዎ ውስጥ እናት፣ አባት ወይም አያት ካሉ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ሃምሳውን ተሻግረው ከሆነ ጉዳዩ የእርስዎም ነው።

በማያውቁት አካል እንጀምር። ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ፣ ታይመስ የሚባል ለስላሳ ዕጢ አለ። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ሥራው ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሥራው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ታይመሱን አወጣ። አይጦቹ ሲያድጉ በኢንፌክሽን ይጠቁ ጀመር፤ ከሌላ አይጥ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም ሰውነታቸው “ይህ የእኔ አይደለም” ብሎ አልጣለውም። ታይመስ የሰውነት ዘበኞች ትምህርት ቤት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው።

ተማሪዎቹ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ተወልደው የሚመጡት ከአጥንት መቅኔ ሲሆን ታይመስ ውስጥ ሁለት ፈተና ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያው የሰውነትን መለያ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የራስን ሰውነት እንደ ጠላት ያጠቁ እንደሆነ። ሁለቱንም አልፈው የሚወጡት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም፤ የቀሩት እዚያው ይሞታሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያስፈተነ ወላጅ በዚህ ቁጥር አይደነግጥም መቼስ።

ይህ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእርጅና ይመስልዎታል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ታይመስ በስብ መተካት የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ ከጉርምስና በኋላ ደግሞ መኮማተሩ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሰው ስድሳ እና ሰባ ዓመት ሲደርስ ከደረት አጥንቱ ጀርባ የሚገኘው አብዛኛው ስብ ነው፤ በስቡ መካከል ጥቂት የሚሠሩ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ላስገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ ሐኪሞች በድንገት የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን ሲመረምሩ “ታይመሳቸው ከልክ በላይ ትልቅ ነው፤ አንቆ የገደላቸው እሱ ነው” አሉ። ችግሩ “ልክ” ያሉት ነገር ራሱ ላይ ነበር። ለአናቶሚ ትምህርት ይቀርብ የነበረው አስከሬን በአብዛኛው የድሆች ነው፤ ረሃብና ረጅም ሕመም ደግሞ ታይመስን ያኮማትራል። ሐኪሞቹ የተራበ ሰው ታይመስ እያዩ ስላደጉ የጤነኛው ሕፃን ታይመስ በሽታ መሰላቸው። ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታይመሳቸው እንዲያንስ አንገታቸውና ደረታቸው ላይ ጨረር ተደረገላቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ በታይሮይድ ካንሰር ተያዙ። ይህን የማነሳው ሐኪሞችን ለመውቀስ አይደለም። ረሃብ ይህን ዕጢ እንደሚያኮማትረው ያስታውሱልኝ፤ ስለ ምግብ ስናወራ እመለስበታለሁ።

በአዋቂነት ታይመስ ስብ ከሆነ ጥቅሙ አበቃ ማለት ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ “አዎ” ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሐኪሞችም መንገድ ሲዘጋባቸው ቆርጠው ያወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቦስተን ከሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የወጣ ጥናት ግን ይህን እምነት አናጋው። ታይመሳቸው የወጣላቸው አዋቂዎች፣ ደረታቸው ላይ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ታይመሳቸው ካልወጣላቸው ጋር ተነጻጸሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ታይመስ ከወጣላቸው 8 ነጥብ 1 በመቶው ሲሞቱ ከሌሎቹ የሞቱት 2 ነጥብ 8 በመቶ ነበሩ። ካንሰር የያዛቸውም በእጥፍ በዙ፤ 7 ነጥብ 4 በመቶ በ3 ነጥብ 7 በመቶ። ያ የተናቀው ስብ መሳይ ነገር በጉልምስናም ሥራ ላይ ኖሯል።

ትምህርት ቤቱ አዲስ ተማሪ ማውጣት ሲቀንስ ምን ይሆናል? ሰውነታችን ሁለት ዓይነት ቲ ሴሎች አሉት። አንዱ ጠላቱን ገና ያላገኘ አዲስ ምልምል ነው። ሌላው ከዚህ በፊት ተዋግቶ ያሸነፈና ጠላቱን የሚያስታውስ ነባር ዘማች ነው። ዕድሜ ሲገፋ ነባሮቹ ይበዛሉ፣ ምልምሎቹ ይመናመናሉ። ስለዚህ አያትዎ በልጅነታቸው የያዛቸውን በሽታ ሰውነታቸው ያስታውስ ይሆናል፤ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ቫይረስ ሲመጣ ግን የሚመደብለት ምልምል አይገኝም። ኮቪድ ልጆቻችንን አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ እያለፈ አረጋውያንን ያን ያህል የጎዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነባር ዘማቾቹም ቢሆኑ አይሰለቹም ማለት አይደለም። በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የምንለውን በሽታ ያውቁታል፤ በወገብ ወይም በደረት በአንድ በኩል ተሰልፎ የሚወጣ፣ እሳት የነካው ያህል የሚለበልብ ሽፍታ። ሰው ሸረሪት ሸናብኝ፣ ምን ነካኝ ይላል። በሽታው ከውጭ የመጣ አይደለም። በልጅነት ጉድፍ ወይም ቺክን ፖክስ ሆኖ የያዘን ቫይረስ ሳይሞት ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ለአርባ ለሃምሳ ዓመት አፍኖ ያቆየው የቲ ሴሎች ጥበቃ ነው፤ ጥበቃው ሲላላ ይወጣል። ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የቆየ የቲቢ ጀርምም በእርጅና ሊነሣ የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው። ሳምንታት የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለባቸውን አባት “የሽማግሌ ሳል ነው” ብለው አይለፏቸው።

ስለ አጥንት መቅኔ ብዙ አልልም። ቅልጥም የሚወድ ሁሉ መልኩን ያውቀዋል። በሕፃንነት አጥንቶቻችን በቀይ መቅኔ የተሞሉ ናቸው፤ ደም የሚሠራው እሱ ነው። እያደግን ስንሄድ ብዙው ወደ ቢጫና ቅባታማ መቅኔ ይለወጣል። የቀረው ቀይ መቅኔም በእርጅና ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚሆኑትን እያሳነሰ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን ወደማምረት ያደላል። አንቲቦዲ የሚሠሩልን ቢ ሴሎች ናቸውና አዳዲሶቹ ሲያንሱ ጉዳቱ ይሰማል።

ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ንፍፊቶች። እብጠት ሲሆኑ ብቻ ነው ስም የምንሰጣቸው እንጂ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ሆድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እነዚህ ትንንሽ ዕጢዎች ሁልጊዜም አሉ። ሥራቸውን ለመረዳት መናኸሪያን ያስቡ። ጣትዎን እሾህ ሲወጋዎት ጠባቂ ሴሎች የጀርሙን ቁራጭ ይዘው ወደ ቅርብ ንፍፊት ይጓዛሉ። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ቲ ሴሎች ሲያልፉ ሲያገድሙ ከመካከላቸው ያንን ቁራጭ የሚያውቀው አንዱ መገኘት አለበት። ቦታውን የሚያስተናብሩት ደግሞ የንፍፊቱ ግድግዳና መተላለፊያ የሆኑ ሴሎች ናቸው። በኬሚካል እየተጣሩ “ቲ ሴሎች በዚህ! ቢ ሴሎች በዚያ!” ይላሉ፤ ልክ እንደ ወያላ። ለቲ ሴሎቹ በሕይወት መቆያ የሚሆን ስንቅም ያቀብላሉ።

በእርጅና መናኸሪያው ይፈርሳል። ንፍፊቱ ውስጥ ጠባሳ መሰል ክርና ስብ ይገባል፤ የሚጣሩት ሴሎች ድምፃቸው ይሰልላል፤ ቢ ሴሎች የተሻለ አንቲቦዲ ለመሥራት የሚለማመዱባቸው ቦታዎችም ያንሳሉ። ተመራማሪዎች የወጣት አይጥ ቲ ሴሎችን ወስደው ያረጀ አይጥ ውስጥ ሲያስገቡ ወጣቶቹ ሴሎች እንደ ወጣትነታቸው መሥራት አቃታቸው። ሴሉ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ሰፈሩ ነው። ይህን ሳነብ ጡረታ የወጡ ሰዎች ብቻቸውን የቀሩባቸው፣ ልጅ የማይሯሯጥባቸው አሮጌ ሰፈሮች ትዝ አሉኝ። በግራ ጎናችን ያለው ጣፊያም ደም እያጣራ ተመሳሳይ መናኸሪያ የሚሆን አካል ነውና እሱም ከዚህ አያመልጥም።

አንድ የተገላቢጦሽ ነገር ደግሞ አለ። ይህ ሁሉ ሲዳከም ሰውነት ጸጥ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2000 ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ ስም የሰጠው፣ በዝግታ የሚጤስ ቋሚ ብግነት በአረጋውያን ሰውነት ውስጥ ይኖራል። ለልብ፣ ለደም ሥርና ለመገጣጠሚያ አይበጅም። ዘበኛው ሌባውን አይይዝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ይጮኻል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከባድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አረጋውያን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ትኩሳታቸው ደካማ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። በዚያ ላይ የብዙ አረጋውያን የዘወትር ሙቀት ከእኛ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ቀን ሙቀታቸውን ለክተው ይጻፉት። ከዚያ ቁጥር በ1 ነጥብ 1 ዲግሪ ከጨመረ፣ ቴርሞሜትሩ 38 ባያሳይም ትኩሳት ነው። ለጉልበት ሕመም በየቀኑ ፓራሲታሞል የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል። ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ምልክቱንም መከላከያውንም ያዳክማሉ። ሐኪም ሳያውቅ ለወገብ ሕመም እየተገዙ የሚዋጡበት ቤት አውቃለሁና ነው ይህን የምለው።

ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ሰውየውን ይመልከቱ። ትላንት ያልነበረ መዘባረቅ፣ ቀን እንቅልፍ፣ ምግብ አልፈልግም ማለት፣ ድንገት መውደቅ፣ ሽንት ማምለጥ፤ በአረጋዊ ላይ እነዚህ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። “ጃጅተው ነው” የሚባለው ነገር በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሳይነግሯቸው ደረታቸውን እያዩ ትንፋሻቸውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገ አይበሉ። ባለፈው ዓመት የተረፈች አሞክሳሲሊን ካቢኔ ውስጥ ካለችም እዚያው ትቆይ፣ ይልቁንም ትጣል።

ንፍፊትን በተመለከተም እንዲሁ። በልጅ አንገት ላይ ጉንፋን ተከትሎ የሚያብጥና የሚጠፋ ንፍፊት የተለመደ ነው። በአዋቂ፣ በተለይ በአረጋዊ ላይ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የጠጠረ፣ የማያምና የሚያድግ ከሆነ ግን መመርመር አለበት። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። አሽቶና በቅጠል አፍኖ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ክትባት ላይ “ሰውነታቸው ካልተቀበለው ምን ያደርጋል?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ትክክል ነው። ለአልማዝ ባለጭራ መጀመሪያ የወጣው ክትባት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆኑት ከ40 በመቶ በታች ነበር የሚከላከለው። በኋላ ሺንግሪክስ የሚባለው ሲመጣ፣ የደከሙትን ሴሎች የሚቀሰቅስ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ተደርጎበት፣ በዚያው ዕድሜ ወደ 90 በመቶ ደረሰ። ያረጀ ሰፈርም በደንብ ከተጠራ ይሰማል ማለት ነው። በአሜሪካ ከ50 ዓመት ጀምሮ በሁለት ዙር እንዲወሰድ ይመከራል፤ ወላጆችዎ እዚያ ልጅ ሊጠይቁ ከሄዱ ስለዚህ፣ ስለ ሳንባ ምችና ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት መጠየቅ አይርሱ። እዚህም የትኛው እንደሚገኝ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

እጅዎ ላይ ያለ ሌላ ክትባት ደግሞ አለ፤ የልጅዎ። በኢትዮጵያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናት የሳንባ ምች አምጪ የሆነውን ኒሞኮከስ ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት ይከተባሉ። ተመሳሳዩ ክትባት በአሜሪካ በ2000 ለሕፃናት መሰጠት ሲጀምር ሳይከተቡ በሽታው የቀነሰላቸው አያቶቻቸው ነበሩ። ባክቴሪያውን ከአፍንጫቸው ይዘው አያት ጉንጭ ላይ የሚያሳርፉት ትንንሾቹ ናቸውና። ልጁ ጉንፋን ሲይዘው መሳሳሙ ለጥቂት ቀን ቢቀር አያት ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ።

“ታድሶ ወጣት ይሆን ይሆን?” ለሚሉኝ፣ በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ዘጠኝ ወንዶች የእድገት ሆርሞንና ሌሎች መድኃኒቶች ወስደው ታይመሳቸው የመታደስ ምልክት አሳየ ብሏል። ዘጠኝ ሰው ግን ዘጠኝ ሰው ነው፤ ሆርሞኑም ጨዋታ አይደለም። እኔን የማረከኝ በ2018 በእንግሊዝ የተሠራው ነው። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን ረጅም ርቀት ብስክሌት የሚነዱ 125 ሰዎች ተመረመሩ። ከታይመስ አዲስ የወጡት ቲ ሴሎቻቸው መጠን ከወጣቶች ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ የማይንቀሳቀሱት እኩዮቻቸው ግን እንደዚያ አልነበሩም። እናትዎን ብስክሌት ላይ ያውጡ አልልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ደርሰው ሲመለሱ ግን “አይድከሙ፣ በመኪና ላድርስዎት” ማለቱን ይቀንሱ።

ምግቡንም ይመልከቱ። ብዙ አረጋውያን ዘንድ ችግሩ የፕሮቲን ማነስ ነው፤ ሻይ በዳቦ ቁርስም ምሳም ይሆናል። በጾም ወቅት ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሱፍና ሰሊጡ አይጉደል፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ከነፍስ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል። ዳማከሴውና ዝንጅብሉ ደስ ካላቸው ይቀጥሉ፤ ሽታው ራሱ ያጽናናል። ከውጭ አገር በሻንጣ ለሚላከው “የመከላከያ ማጎልበቻ” እንክብል ግን ታይመስ አይነቃለትም። በእሱ ምትክ ያ ዘመድ የትንፋሽና የኦክስጅን መለኪያ ቢልክ ይሻላል።

የእናቴ ወረቀት አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ሙቀቷ 36 ነጥብ 1፣ ትንፋሿ በደቂቃ 16፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች፣ የሐኪሙ ስልክ። ከነበረኝ ሐሳብ ጋር ሲነጻጸር ያን ቀን የለካሁት 36 ነጥብ 7 ለእሷ ዝቅተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ለትኩሳት ግን ገና አልደረሰም ነበር። ባለፈው ሳምንት ወተት ላወጣ በሩን ስከፍት ከሥር በእሷ እጅ ጽሑፍ የተጨመረ መስመር አየሁ፦ “ቡና አልፈልግም ካልኩ ቴርሞሜትር አትፈልጉ፤ ውሰዱኝ።”